የቡና አገር ራስ ምታት፦ ሳትጠየቁ የምትሸጥላችሁ ክኒን ደም ሥራችሁን ምን ታደርገዋለች?

ጅማና ዙሪያዋ ያለ ሰው «ራሴን አመመኝ» ካለ ከሐኪም በፊት ጎረቤት የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ቡና ጠጥተሃል ወይ?» ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከየቡ እስከ ሸቤ ጥያቄው ያው ነው። ይሄ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትክክለኛ የሕክምና ጥያቄ ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ መድኃኒት ቤት ከሚጠይቀው ይሻላል።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ። በቅርቡ እዚሁ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ (ስሙ ይቅር) «ለራስ ምታት ጠንከር ያለ ነገር ስጡኝ» አልኩ። ልጁ ከመደርደሪያው አንድ ስትሪፕ ክኒን መዞ በመቀስ ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ሰጠኝ። ማዘዣ አልጠየቀኝም። ግፊት አለብህ? ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ? ጫት ትቅማለህ? ምንም። የሰጠኝ ኤርጎታሚን ከካፌይን ጋር የተቀመመበት የሚግሬን ክኒን ነበር። በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሸጥ ያለበት፣ ደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት።

«ደም ሥር ያጠባል» ማለት ምን ማለት ነው? እስኪ ከዚህ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና።

ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚሄድባቸው ደም ቅዳ ቧንቧዎች እንደ ብረት ቱቦ ግትር አይደሉም። ግድግዳቸው ውስጥ ዙሪያውን የሚጠመጠም ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ በእኛ ፈቃድ አይታዘዝም፤ የሚታዘዘው በነርቭና በሆርሞን ነው። ስንደነግጥ፣ ሲበርደን፣ ደም ሲፈሰን ሰውነት ኖርአድሬናሊንና አድሬናሊን ይለቃል። እነዚህ በጡንቻው ሴል ላይ ባለው መቀበያ ላይ ሲያርፉ ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ቧንቧው ይጠባል። ደም ሥር የሚያጠቡ መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚሠሩት ይሄንኑ የሰውነት መንገድ ተከትለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አለ፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው። የቧንቧው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ የሚያልፈው ደም በግማሽ የሚቀንስ ይመስለናል። አይደለም። ግፊቱ እኩል ሆኖ ስፋቱ በግማሽ ሲጠብ የሚያልፈው መጠን ወደ 16ኛ እጅ ይወርዳል። ትንሽ መጥበብ ትልቅ ለውጥ ነው። መድኃኒቶቹ ጥቂት ሚሊግራም ሆነው ሰው የሚያድኑትም፣ ሰው የሚጎዱትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቡናችን። ቀኑን ሙሉ አእምሮ ሲሠራ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። አዴኖሲን ያደክማል፣ እንቅልፍ ይጠራል፣ የአንጎልን ደም ሥሮችም ያሰፋል። ካፌይን የአዴኖሲንን ወንበር ቀድሞ ይቀመጥበታል። ስለዚህ እንነቃለን፣ የአንጎል ደም ሥሮችም ጠበብ ይላሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሰውነቱ ይሄን ይለምድና መቀበያውን ያበዛል። አንድ ቀን ቡናው ሲቀር የተጠራቀመው አዴኖሲን ያለ ከልካይ ይገባል፤ ደም ሥሮቹ ይለጠጣሉ፤ ራስ ይወቅራል። ሐራራ የምንለው ይሄ ነው። ራስ ምታቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ቡና ሙሉ በሙሉ ከቀረ እስከ አንድ ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

የረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ላይ ከአሱር በኋላ ግንባሩን በሻሽ የሚያስር ሰው ጅማ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ረሃቡም ጥሙም እንቅልፍ ማጣቱም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ የቡናው መቅረት ግን ከዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሲኒውን ቀስ በቀስ መቀነስ። ለዚህ ኤርጎታሚን አያስፈልግም። ፋርማሲ መሄድም አያስፈልግም።

ታዲያ ኤርጎታሚኑ ከየት መጣ? ታሪኩ ከመድኃኒት ቤት አይጀምርም፤ ከእህል ማሳ ይጀምራል፤ እኛም አገር ደርሷል።

ኤርጎት የእህል ፈንገስ ነው። እርጥበት ባለበት ወቅት በአጃ፣ በገብስ፣ በሲናር ዛላ ላይ ይወጣና ፍሬው መሆን በነበረበት ቦታ ጠቆር ያለ፣ እንደ አውራ ዶሮ ጥፍር የቆለመመ ነገር ያፈራል። ከእህሉ ጋር ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተጋግሮ ይበላል። ውስጡ ያሉት ኬሚካሎች ደም ሥርን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ከልብ የራቁት፣ የመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ የእግርና የእጅ ጣቶች፣ መጀመሪያ ይደርቃሉ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የበሽታው ስም «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» ነበር። ገዳማውያን አባቶቻችን የሚዘክሩት ያው አባ እንጦንስ ማለት ነው፤ በስሙ የተቋቋመ የመነኮሳት ማኅበር ፈረንሳይ ውስጥ እነዚህን በሽተኞች ያስታምም ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ይሄ የመካከለኛው ዘመን ወሬ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ውስጥ ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቆረ፣ እየደረቀ፣ አንዳንዱም እየተቆረጠ ወደ ሕክምና መጡ። የሞቱም ነበሩ። ምክንያቱ ሲጣራ ከእህል ጋር የተቀላቀለ ሲናር ላይ የነበረ ኤርጎት ሆኖ ተገኘ፤ ጉዳዩ በ1979 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2001 እ.ኤ.አ. አርሲ ውስጥ ዳግም ታየ። አሁንም ገብስ፤ አሁንም የጠቆረ ጣት። የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች እህሉን በቤተ ሙከራ መርምረው መርዙን አገኙት። ዘመኑ ቢለያይም መንገዱ አንድ ነው፦ እህል ሲያጥር ሰው ድሮ ለቅሞ የሚጥለውን አብሮ ይፈጫል።

ከዚሁ ፈንገስ ነው የስዊዘርላንዱ ኬሚስት አርተር ስቶል በ1918 እ.ኤ.አ. ኤርጎታሚንን ነጥሎ ያወጣው። መርዙ በልክ ሲሰጥ መድኃኒት ሆነ። የሚግሬን ክኒን ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊግራም ኤርጎታሚንና 100 ሚሊግራም ካፌይን ነው። ካፌይኑ ለማድመቂያ አልገባም። ኤርጎታሚን ከአንጀት ወደ ደም በቅጡ እንዲገባ ያግዛል፣ ራሱም የአንጎል ደም ሥሮችን ያጠባል። የጅማ ሰው ክኒኗን በቡና ሲያወራርዳት፣ ሳያውቀው ቀመሩን አባዝቶታል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ነው።

ከዋጥነው ኤርጎታሚን ውስጥ ደም ውስጥ የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ነው። አብዛኛውን የአንጀት ግድግዳና ጉበት ውስጥ ያለ ኤንዛይም መንገድ ላይ ይሰባብረዋል። መጠኑ የተቀመረው ይሄ ኤንዛይም ሥራውን እንደሚሠራ ታስቦ ነው። ኤንዛይሙን የሚያስር ሌላ መድኃኒት ከተጨመረስ? ዘበኛው ታሰረ ማለት ነው። አንዲቷ ክኒን የብዙ ክኒን ያህል ትሆናለች። ኤርጎታሚን ደግሞ አንዴ ደም ሥር ላይ ከተጣበቀ ቶሎ አይለቅም፤ ደም ውስጥ መለካት ካቆመ በኋላ እንኳ ቧንቧው ለአንድ ቀንና ከዚያም በላይ እንደተጨመደደ ሊቆይ ይችላል።

ኤንዛይሙን የሚያስሩት እነማን ናቸው? ብርቅ መድኃኒቶች ቢሆኑ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። አንደኛው ክላሪትሮማይሲን ነው። «የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ» ብሎ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ10 ወይም ለ14 ቀን የተሰጠው ሰው በየቤታችን አለ፤ ከሦስቱ አንዱ ብዙ ጊዜ ክላሪትሮማይሲን ነው። ዘመዱ ኤሪትሮማይሲንም እንደዚያው። ሌላው ሪቶናቪር ነው። የኤችአይቪ ሕክምና የመጀመሪያው መስመር አሁን ዶሉቴግራቪር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ይሄ ችግር የለበትም፤ ወደ ሁለተኛው መስመር የተሸጋገሩ ሰዎች ግን ሪቶናቪር ያለበት መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። እነዚህ ሰዎች ኤርጎታሚን ጨርሶ መንካት የለባቸውም።

እንግዲህ አስቡት። የገበያ ቀን ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ሰው ሞልቷል። አንዲት ሴት ራሷን እየያዘች ገባች። ፋርማሲስቱ ቢጠይቃት እንኳ፣ ከኋላዋ ጎረቤቷ ቆማ «የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ» ትላለች? አትልም። ስለዚህ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ለብቻ መጠየቂያ ጥግ ያስፈልጋል። አንድ መጋረጃ። ወንበርና መጋረጃ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

ምልክቱን እወቁት። ክኒኗን ከወሰዳችሁ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ መርፌ መርፌ ካለ፣ ስትራመዱ ባት ከያዛችሁ፣ ክኒኗን አቁማችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የቀዘቀዘውን እግር እሳት ዳር ማሞቅ አይሆንም፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም። ነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊት ያለበት፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይሄን ክኒን ከመጀመሪያውም አይወስድም። ጤነኛውም ቢሆን በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከወሰዳት ክኒኗ ራሷ አዲስ ራስ ምታት ታመጣለች። ሰውየው ለዚያ ራስ ምታት ሌላ ክኒን ይገዛል። አዙሪቱ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ስለ ጫትም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ጅማ ነው ያለነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ነርቮች ኖርአድሬናሊን እንዲለቁ ያደርጋል። ምርቃናው ሲመጣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይወጣል። በዚያ ላይ የጉንፋን ክኒን (ብዙዎቹ ውስጥ ሱዶኤፌድሪን አለ፣ አፍንጫ የሚከፍተው የአፍንጫን ደም ሥር አጥብቦ ነው)፣ በዚያ ላይ የሚግሬን ክኒን፣ በዚያ ላይ ጠቆር ያለ ቡና። አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ለየብቻቸው ብዙ ሰው ይችላቸው ይሆናል። ከሰዓት በኋላ በአንድ በርጫ ላይ ሲገናኙ ግን ልባቸው ደከም ያለ ሰዎች ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲያው እነዚህ መድኃኒቶች ይጥፉ» ሊል ይችላል። በፍጹም። ያው ቤተሰብ ሌላ ፊት አለው።

ከዚሁ ከኤርጎት ፈንገስ በ1935 እ.ኤ.አ. ኤርጎሜትሪን ተገኘ። እናት ስትወልድ የእንግዴ ልጁ የነበረበት ቦታ ላይ ያሉት ደም ሥሮች ክፍት ይቀራሉ። የእርግዝና መጨረሻ ላይ በማህፀን ውስጥ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ያልፋል። ደቂቃ ነው ያልኩት። ተፈጥሮ ይሄን የሚዘጋው ማህፀኑን በማኮማተር ነው፤ የማህፀኑ ጡንቻዎች እንደ መረብ ስለተጠላለፉ ሲኮማተሩ በመካከላቸው የሚያልፉትን ደም ሥሮች እንደ ክር ያንቋቸዋል። ማህፀኑ ካልተኮማተረ እናትየው በሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ትሞታለች። ኦክሲቶሲን ማህፀኑን ያኮማትራል። ኤርጎሜትሪን ማህፀኑንም ያኮማትራል፣ ደም ሥሩንም ራሱን ያጠባል፤ ስለዚህ ግፊት ላለባት እናት አይሰጥም።

ችግሩ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ኦክሲቶሲንም ኤርጎሜትሪንም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለባቸው። ሙቀት ሲያገኛቸው ብልቃጡ ያው ነው፣ ቀለሙ ብዙም አይለወጥ ይሆናል፣ ጉልበቱ ግን ይሟሟል። አዋላጇ ትወጋለች፣ ደሙ አይቆምም፣ ድጋሚ ትወጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ በ2019 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መግለጫ ኦክሲቶሲን ከማምረቻ እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ ከቅዝቃዜ እንዳይወጣ ያሳሰቡት ለዚህ ነው።

የእኛ ዞን መብራት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው ግልገል ጊቤ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ነው ያለው፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ የምንፈልገውም እዚሁ ነው። ከተማ ያለ ሆስፒታል ጄኔሬተር ይኖረዋል። የገጠር ጤና ጣቢያ ግን ፍሪጁ ሌሊቱን ስንት ሰዓት እንደጠፋ የሚመዘግብ ሰው ካልኖረ፣ ጠዋት ላይ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ሙቀት የሚችል ካርቤቶሲን የሚባል አማራጭ አለ፤ በ10 አገሮች ወደ 30 ሺህ በሚጠጉ ወላዶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ ደም መፍሰስን በመከላከል ከኦክሲቶሲን አያንስም። ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ይመስለኛል።

አድሬናሊንም አለ። ጌራና ሊሙ ማር የሚቆርጥ ሰው ብዙ ነው፤ ንብ ነድፋው ፊቱ ያበጠ፣ ትንፋሹ ያጠረ፣ ራሱን የሳተ ሰው የገጠመው ደም ሥሮቹ በአንዴ ተበርግደው ግፊቱ መውደቁ ነው። አዋቂ ከሆነ ግማሽ ሚሊግራም አድሬናሊን በጭኑ ውጫዊ ጡንቻ ላይ ሲወጋ ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፣ ሳንባው ይከፈታል። ርካሽ መድኃኒት ነው። እሱ በእጅ አለመኖሩ የሚያመጣው ጣጣ ከንብም ያልፋል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጅማ ውስጥ ከተመረመሩ ተማሪዎች ከሺሁ 30 ያህሉ ምልክት ያላሳየ የሪህማቲክ የልብ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ልጆች በየወሩ የሚወጉት ፔኒሲሊን ነው። ባለሙያው መርፌውን ለመስጠት የሚፈራው ልጁ በአለርጂ ይወድቅብኛል ብሎ ነው። አጠገቡ አድሬናሊን ካለ ይወጋል፤ ከሌለ «ወደ ጅማ ሂዱ» ይላል፤ ወላጅ የትራንስፖርቱን ብር ያስብና ቤቱ ይመለሳል።

እና ገንዘቡ? ከእነዚህ መድኃኒቶች አብዛኞቹ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገቡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ብቻ ወደ 2.65 ቢሊዮን ዶላር አግኝታለች፤ ከዚህ ውስጥ የጎማ፣ የማናና የሊሙ ገበሬ እጅ አለበት። ያ ገበሬ ሚስቱን ለወሊድ ሲወስዳት ፍሪጁ በሚሠራ ጤና ጣቢያ ቢቀበሏት ውለታ አይደለም። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ጥራት የሚፈትሽ ቤተ ሙከራ አለው። ከየወረዳው ጤና ጣቢያ ፍሪጅ ጥቂት ጥቂት ኦክሲቶሲን ወስዶ ጉልበቱን መለካት፣ ውጤቱንም ለሕዝብ ማሳወቅ ለእነዚህ ሁለት ተቋማት ሩቅ መንገድ አይደለም።

ወደ መቀሱ ልመለስ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥርን ይደነግጋል፤ የችርቻሮ መድኃኒት ቤቶችን በቅርበት የሚያዩት ግን የክልልና የወረዳ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። የተቆጣጣሪ ጉብኝት ብዙ ጊዜ ፈቃድና ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት ላይ ያተኩራል። ያለ ማዘዣ ምን እንደሚሸጥ ለማወቅ እንደ ተራ ሰው ገብቶ «ራሴን አመመኝ» ማለት ይበቃል። እኔ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ቢሰጡኝ፣ ካልተሻለህ ሐኪም እይ ቢሉኝ በቂ ነበር።

ያቺ ግማሽ ስትሪፕ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። አልዋጥኳትም። ጊዜዋ የሚያልፍበት ቀን የተጻፈው በሌላኛው ግማሽ ላይ ነው።